«አል»፦ የሁለት ፊደላት ረጅም ጉዞ

አንድ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ከማለዳ እስከ ምሽት «አል» የሚለውን ድምፅ ስንት ጊዜ ከአፉ እንደሚያወጣው ልብ ብለው ያውቃሉን? ከእንቅልፉ ሲነቃ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ልጁ ቁርሱን ትቶ ሲነሣ «ለምን አልበላህም?» ብሎ ይቆጣዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ «አልጀብራ» ይማራል። ክሊኒክ የሄደው ሰው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ክንዱ በ«አልኮል» ይጠረጋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ «አልማዝ» ይባላሉ። የመሸበት መንገደኛም «አልቤርጎ» ፈልጎ ያድራል።

ቃላቱ ስድስት፣ መነሻቸው አንድ ይመስላል። ለመሆኑ ይህ «አል» በሁሉም ዘንድ አንድ ነውን? አይደለም። በሦስቱ ላይ ያለው የዐረብኛው «አል» ነው። አንዱ የራሳችን የአማርኛ ነው። አንዱ ከጥንት የጀርመን ነገዶች የመጣ ነው። አንዱ ደግሞ ዐረቦችን ራሳቸውን ሳይቀር ያሳሳተ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ ቀስ በቀስ እናያለን።

ጉዳዩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በየአጋጣሚው ሁለት ዓይነት አባባል እንሰማለን። አንዱ ወገን ሙስሊሞች ለዓለም ዕውቀት ያበረከቱት ነገር የለም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በ«አል» የሚጀምረውን ቃል ሁሉ እየለቀመ «ይህም የእኛ ነው፣ ያም የእኛ ነው» ይላል። ሁለቱም ሚዛን ያጎድላሉ። «አል»ን እንደ አንድ ምስክር ቆጥረን በአግባቡ ብንጠይቃት ግን ለሁለቱም ወገን የምትሰጠው እውነተኛ ቃል አላት።

በዐረብኛ ሥራዋ ምንድን ነው?

የአማርኛ ሰዋስው ከቃል ፊት የምትቀጠለውን ተጨማሪ «ባዕድ መነሻ» ይላታል። የዐረብኛዋ «አል» ሥራ ማሳወቅ ነው። «ኪታብ» ሲባል ማንኛውም መጽሐፍ ነው፤ «አል-ኪታብ» ሲባል ግን ተናጋሪውም አድማጩም የሚያውቁት ያ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የነሕው ሊቃውንት የ«ተዕሪፍ» ማለትም የማሳወቂያ መሣሪያ ይሏታል። እኛ በአማርኛ ይህንኑ የምንሠራው በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ «መጽሐፍ» የነበረውን «መጽሐፉ» እንለዋለን።

የዐረብኛ ዘመዶች የሆኑት ቋንቋዎችም በዚህ ረገድ የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ዐረቡ ንጉሡን «አል-መሊክ» ሲለው ዕብራይስጥ ተናጋሪው «ሃ-ሜሌክ» ይለዋል፤ ሁለቱም ከፊት ይቀጥላሉ። አራማይስጥ ግን «መልካ» ብሎ ከኋላ ይጨምራል። የጥንቱ የየመን የሳባ ቋንቋም የማሳወቂያውን «ን» ከቃሉ በስተኋላ ያስቀምጥ ነበር። ግዕዝ ደግሞ እንዲህ ያለ መነሻ የለውም።

«አል» ምን ያህል ዕድሜ አላት? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፣ ዐረቦች «አሊላት» የምትባል ጣዖት እንደሚያመልኩ ጽፏል። ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ስም መጀመሪያ ላይ ያለው የዐረብኛው «አል» እንደሆነ ይናገራሉ። በሶሪያ ነማራ በተባለ ስፍራ የተገኘና አሁን ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም የሚገኝ አንድ የመቃብር ድንጋይ ደግሞ አለ። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ328 ሲሆን፣ ኢምሩእ አል-ቀይስ የተባለን ንጉሥ (ገጣሚውን ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበረውን) «የዐረቦች ሁሉ ንጉሥ» ሲል «አል»ን ይጠቀማል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመወለዳቸው ወደ 240 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከየት ተገኘች በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ገሚሶቹ ከዕብራይስጡ «ሃ» ጋር ከአንድ ግንድ ያበቀሏታል፤ ገሚሶቹ «ይህ» እና «ያ» እንደሚሉት ካለ ጥንታዊ አመልካች ቃል ያመጧታል።

ዐረቦችም ሁሉ «አል» ይሉ አልነበረም። ከየመን ነገዶች መካከል በ«አል» ፈንታ «አም» የሚሉ ነበሩ። በጉዞ ላይ ስለ መጾም የሚናገረው የታወቀው ሐዲስ በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ በዚሁ በ«አም» አነጋገር የተዘገበበት መንገድ አለ፤ የሐዲስ ሊቃውንት በዚህ አዘጋገብ ላይ ቢለያዩም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ቁርኣን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከ28ቱ የዐረብኛ ፊደላት 14ቱ «የፀሐይ»፣ 14ቱ «የጨረቃ» ይባላሉ። ከጨረቃ ፊደል በፊት ላሟ ትሰማለች፤ «አል-ቀመር» ይባላል። ከፀሐይ ፊደል በፊት ግን ላሟ ብትጻፍም አትሰማም፤ «አሽ-ሸምስ» ይባላል። ይህችን ደንብ ይያዙልን፤ ወደ ኋላ ትልቅ ነገር ትነግረናለች።

የአማርኛው «አል»ስ? እርሱ ሌላ ነው። «አልበላም»፣ «አልመጣችም»፣ «አልሄድም» ስንል ነገሩን እናፈርሳለን እንጂ አናሳውቅም። ይህ የአሉታ «አል» «የለም» ማለት ከሆነው ከግዕዙ «አልቦ» ጋር ይቀራረባል። ዕብራይስጥም «አትፍራ» ለማለት «አል ቲራ» ይላል። በድምፅ አንድ የሆኑ ሁለት መነሻዎች፣ አንዱ የሚያሳውቅ፣ ሌላው የሚክድ ሆነው በእኛ አንደበት ላይ በየቀኑ አብረው ይውላሉ።

በጆሮ የተሻገረች

እ.ኤ.አ. በ711 ሙስሊሞች ወደ አንደሉስ ተሻገሩ። እስከ ግራናዳ መውደቅ፣ እስከ 1492 ድረስ፣ በአንደሉስ ገበያ፣ ማሳና ችሎት ዐረብኛ ይነገር ነበር። በዚህ ረጅም ጊዜ ስፓኒሽ ከዐረብኛ የወሰዳቸው ቃላት ከነርቢያቸው ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ «አል»ን ተሸክመው የገቡ ናቸው። ጥጥ በዐረብኛ «አል-ቁጥን» ነው፤ በስፓኒሽ «አልጎዶን» ሆነ። ትራስ «አል-ሚኸዳ» ነው፤ «አልሞአዳ» ሆነ። ግንበኛው «አል-በናእ» «አልባኚል» ተባለ። ዳኛው «አል-ቃዲ» ደግሞ «አልካልዴ» ተብሎ ዛሬ በስፔን የከተማ ከንቲባ መጠሪያ ነው።

አሁን ያችን የፀሐይና የጨረቃ ደንብ እናስታውስ። ስኳር በዐረብኛ ሲጻፍ «አል-ሱከር» ነው፤ ሲነገር ግን «አስ-ሱከር» ይባላል። ስፓኒሹ «አሱካር» ነው። ሩዝ ሲነገር «አር-ሩዝ» ነው፤ ስፓኒሹ «አሮስ» ነው። ዘይት ሲነገር «አዝ-ዘይት» ነው፤ ስፓኒሹ «አሴይቴ» ነው። በሦስቱም ላሟ የለችም! ጥጥና ትራስ ላይ ግን ፊደሎቹ የጨረቃ ስለሆኑ ላሟ አለች። የካስቲልያ ገበሬ ይህን የተጅዊድ ደንብ ማን አስተማረው? ማንም አላስተማረውም። ቃሉን የወሰደው ከጎረቤቱ አፍ ስለሆነ የሰማውን ያዘ። ስለዚህ እነዚህ ቃላት ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ገበያ ይሸጡና ይገዙ እንደነበር የሚመሰክሩ ናቸው።

ከጣልያን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የዕቃ ማከማቻ በዐረብኛ «አል-መኽዘን» ነው። ስፓኒሹ ከነ «አል»ዋ «አልማሴን» አለው። ጣልያኑ ግን «አል»ን ትቶ «ማጋዚኖ» አለው። የእኛም «መጋዘን» የዚሁ ወገን ነው። እንግሊዞች ቃሉን ወስደው የጽሑፍ መጋዘን ለማለት በ1731 የጀመረ አንድ ወርኃዊ ኅትመት «ማጋዚን» ብለው ሰየሙበት። እኛም ስኳርንና ሩዝን የምንጠራው ያለ «አል» ነው። ጣልያኖቹ ብዙውን ጊዜ «አል»ን ሲተዉ ስፔኖች ለምን ያዟት? አንዳንድ ሊቃውንት፣ ወደ አንደሉስ ከተሻገሩት ብዙዎቹ በርበሮች ስለነበሩና ዐረብኛን ኋላ የተማሩት ስለሆነ «አል»ን የቃሉ አካል አድርገው ይናገሯት ነበር ይላሉ።

ታሪኩ በደስታ ብቻ አያልቅም። ከግራናዳ ውድቀት በኋላ የቀሩት ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። በ1567 ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ በግራናዳ ዐረብኛ መናገርና መጻፍ እንዲቆም ዐዋጅ አስነገረ። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት ደግሞ የእነርሱ ልጆች በጅምላ ከስፔን ተባረሩ። ልብ ይበሉ አንባቢ! ሰው ተባረረ፣ መጽሐፍ ተቃጠለ፤ ያባረረው ሰው ግን ማታ የተጋደመበትን ትራስ «አልሞአዳ» ማለቱን አልተወም። የከለከለውን ቋንቋ ሳያውቀው በየቀኑ ይናገረው ነበር፤ የልጅ ልጆቹም ዛሬ ይናገሩታል።

በብዕር የተሻገረች

ሁለተኛው መንገድ የመጽሐፍ መንገድ ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833) በባግዳድ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ ስሌት በጻፈው መጽሐፍ ስም ውስጥ ሁለት ቃላት ነበሩ፦ «አል-ጀብር» እና «አል-ሙቃበላ»። በ1145 የቼስተሩ ሮበርት የተባለ እንግሊዛዊ በስፔን ሴጎቪያ ሆኖ መጽሐፉን ወደ ላቲን ሲመልሰው ሁለቱንም ቃላት ሳይተረጉም እንዳሉ አሰፈራቸው። «ሙቃበላ» ከጊዜ ብዛት ተረሳ፤ «አል-ጀብር» ግን «አልጀብራ» ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። የጸሐፊው መጠሪያ «አል-ኸዋሪዝሚ»ም ራሱ «አልጎሪዝም» ወደሚለው ቃል ተለወጠ፤ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል።

«ጀብር» ማለት የተሰበረን መጠገን ነው። በስሌት ከአንዱ ወገን የጎደለውን ሞልቶ እኩልታውን ማቃናት ነው። ቃሉ ግን አስቀድሞ የአጥንት ነበር። በስፓኒሽ «አልጀብሪስታ» ቢባል የቀድሞ ትርጉሙ የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን የእኛ ወጌሻ ነው! ሴርቫንቴስ በ1615 ባሳተመው የዶን ኪሆቴ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የቆሰለ ሰው የሚታከመው በእንዲህ ያለ አልጀብሪስታ ነው። ወጌሻው በጆሮ ገባ፣ ስሌቱ በብዕር ገባ፤ ቃሉ አንድ ነው።

የከዋክብት ስሞችም እንዲሁ ይመሰክራሉ። «አልታይር» (በራሪው) እና «አልደባራን» (ተከታዩ) የሚባሉትን ብሩህ ከዋክብት ዐረቡ ሲናገራቸው «አጥ-ጧኢር»፣ «አድ-ደበራን» ይላል፤ ፊደሎቹ የፀሐይ ናቸውና። አውሮፓውያኑ ግን ላሟን ይዘዋታል። እነዚህ ስሞች ከአፍ ሳይሆን ከወረቀት፣ እንደተጻፉ ፊደል በፊደል እንደተገለበጡ ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ «አሱካር» የገበያ ምስክር፣ «አልታይር» የቤተ መጻሕፍት ምስክር ነው ማለት ይቻላል።

የ«አልኮል»ን ነገር ደግሞ ሲሰሙት ይገረሙ ይሆናል። ምንጩ «አል-ኩሕል» ነው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ያው ኩል! ኩል ተፈጭቶ እጅግ የላመ ዱቄት ስለሆነ፣ የላቲን ጸሐፊዎች በ«አል-ኩሕል» ስም ማንኛውንም የላመ ዱቄት ጠሩበት። ቀጥሎም የአንድ ነገር ተጣርቶ የወጣ ጭማቂ ማለት ሆነ። በ1541 የሞተው ሐኪም ፓራሴልሰስ «የወይን አልኮል» ሲል ከወይን ጠጅ ተጣርቶ የወጣውን መንፈስ ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይኑ ተረስቶ ስሙ ለመጠጡ ቀረ። በሱና የታወቀው የዓይን ኩልና በሸሪዓ የተከለከለው አስካሪ መጠጥ በአንድ ስም መጠራታቸው ቃል ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ያሳያል። ስሙ ዐረብኛ ነው ተብሎ ነገሩ ከዐረቦች ነው እንዳይባል ይህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

የመተላለፊያ ማኅተም

ታዲያ በ«አል» የጀመረ ሁሉ መጀመሪያውም ከሙስሊሞች ነውን? ምስክራችንን በሐቅ ከጠየቅናት አይደለም ትላለች። «አል-ኪምያእ»ን እንውሰድ። አውሮፓውያን «አልኬሚ» ያሉት፣ ኋላም «አል»ን ጥለው «ኬሚስትሪ» ያሉት ትምህርት ነው። ቃሉ ወደ ዐረብኛ የመጣው ከግሪክ ነው። የማጣሪያው ዕቃ «አል-አንቢቅ»ም ከግሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ የጻፈው ታላቅ የፈለክ መጽሐፍ በግሪክ «ታላቁ» ለማለት «መጊስቴ» ይባል ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ ሲመለስ «አል-መጂስጢ» ተባለ። በ1175 የክሬሞናው ጄራርዶ በቶሌዶ ከዐረብኛ ወደ ላቲን ሲመልሰው «አልማጀስት» ሆነ፤ የግሪኩ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዐረብኛ «አል» ነው። በስፔን ያሉት ምሽጎች ስም «አልካሳር» ደግሞ ከ«አል-ቀስር» ነው፤ «ቀስር» ግን ራሱ ከላቲኑ «ካስትሩም» የመጣ ነው። የላቲን ቃል ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ «አል»ን ለብሶ ወደ ምዕራብ ተመለሰ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? «አል» በአንድ ቃል ላይ ስትገኝ የምትነግረን ዕውቀቱ በማን እጅ እንዳለፈ ነው። እንደ ኬላ ማኅተም ናት። ኬላው ላይ የቆሙት ሰዎች ግን ዝም ብለው አላሳለፉም፤ መረመሩ፣ አረሙ፣ ጨመሩበት። በጥሊሞስን ያነበቡት ሙስሊም የፈለክ ሊቃውንት ስሌቱን በራሳቸው ምልከታ አርመዋል። ይህ ክብር የሚበቃ ክብር ነው፤ የግሪኩን ድርሻ ክዶ ማብዛት አያስፈልገውም። አማና መጠበቅ ማለት የተቀበሉትን ከማን እንደተቀበሉ መናገርንም ይጨምራል።

የምታሳስተዋ «አል»

አሁን ከመግቢያችን የቀሩትን እንመልከት። «አልቤርጎ» በጣልያኖች በኩል ቢደርሰንም ሥሩ ከጀርመን ነገዶች ቋንቋ ነው፤ የጦር ሠራዊት መጠለያ ማለት ነበር። «አልበም» «ነጭ» ከሚለው የላቲን ቃል፣ «አሉሚኒየም»ም ከላቲን ናቸው። እነዚህን በዐረብኛ መዝገብ ማስፈር ስሕተት ነው።

«አልማዝ» ግን ትንሽ ይከብዳል። ዐረብኛው «አልማስ» የመጣው «የማይበገር» ከሚለው የግሪክ ቃል «አዳማስ» ነው። ስለዚህ «አል» በመሠረቱ የቃሉ አካል እንጂ ማሳወቂያ አልነበረችም። ሰዎች ግን ማሳወቂያዋ «አል» መሰለቻቸውና እርሷን ቆርጠው «ማስ» ማለት ጀመሩ። የእስክንድርም ነገር እንዲሁ ነው። የግሪኩ ስም «አሌክሳንድሮስ» ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው «አል» ዐረቦችን «አል» መሰላቸውና ለይተው «አል-ኢስከንደር» አሉት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ወገኖቻችንም የሚያገኟት ሌላ አሳሳች አለች። «ኣል ሱዑድ»፣ «ኣል ሣኒ» በሚሉት የገዢ ቤተሰቦች ስም ላይ ያለችው ረዥሟ «ኣል» ማሳወቂያ አይደለችም፤ «ቤተሰብ፣ ወገን» ማለት ናት። የቁርኣን 3ኛ ሱራ «ኣለ ዒምራን» ስትባል የዒምራን ቤተሰብ ማለት መሆኑን ያስታውሷል።

የእኛ ቃል በ«አል» ሲመጣ

ውድ አንባቢ! እስካሁን ስለ ባግዳድና ስለ ቶሌዶ ስናወራ አገራችን ሩቅ የቆመች መስላ ይሆናል። አይደለችም። ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ በተሰደዱበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የተቀበላቸውን ንጉሥ ዐረቦች በምን ስም ጠሩት? «አን-ነጃሺ» ብለው። ይህ ከግዕዙ «ነጋሢ» የተወሰደ ነው። የእኛ ቃል «አል»ን ለበሰና ወደ እኛው ተመለሰ። «ኑን» የፀሐይ ፊደል ስለሆነች «አል-ነጃሺ» ብለን ብንጽፍም ሲነገር «አን-ነጃሺ» ነው።

ኢማሙ ጁሙዓ ኹጥባ የሚያደርግበት «ሚንበር» ከግዕዙ «መንበር» እንደመጣ ብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች ይናገራሉ፤ ከዐረብኛው «ከፍ አደረገ» ከሚለው ግስ የሚያመጡትም አሉ። በ911 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1505) የሞቱት ኢማም ሱዩጢ ደግሞ «አል-ኢትቃን» በተባለው ኪታባቸው አንድ ዘገባ አስፍረዋል። ቁርኣን በተሰበሰበ ጊዜ ምን ተብሎ ይጠራ በሚል ሲመካከሩ፣ እንዲህ ያለውን በሐበሻ አገር «ሙስሐፍ» ሲሉት አይቻለሁ ያለ ሰው ተገኘና በዚህ ተስማሙ ይላል። የግዕዙን «መጽሐፍ» ያስተውሏል። እንግዲህ «አል-ሙስሐፍ» ብለው በእጅዎ ሲይዙ ከፊት ያለችው ከዐረብ፣ ከኋላ ያለው ቃል በዚህ ዘገባ መሠረት ከዚህ ከእርስዎ አገር ነው።

ለዚያኛው ወገን፣ ምንም አላበረከቱም ለሚለው፣ መልሱ በየቋንቋው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። ለዚህኛው ወገን፣ ሁሉም የእኛ ነው ለሚለው፣ መልሱ በእነዚያው ቃላት ሥር ነው። ለሁላችንም የሚቀር ጥያቄ ግን አለ። እነዚያ ሊቃውንት ከግሪክም ከላቲንም ከሐበሻም ተቀበሉ፤ ሠርተውበት አሻራቸው ስለቀረበት ከእነርሱ የወሰደው ሕዝብ «አል»ንም ጭምር ወሰደ። ዛሬ በእኛ እጅ የሚያልፈው ዕውቀት ጥቂት አይደለም። ከእኛ የሚቀበለው ትውልድ የእጃችንን ምልክት የሚያገኝበት ምን ሠርተንበት ነው የምናሳልፈው?

ወላሁ አዕለም።